የእትዬ ዩዌዋን ተራ

ፋብሪካ ባለበት አገር ሁሉ እንደ እትዬ ዩዌዋን ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሰማይ ቢደፋ ያወጣውን የሥራ ተራ የማይነቀንቅ። በሉካንግ ከተማ፣ በአቶ ሹ የቧንቧ ፋብሪካ፣ የትኛው ቧንቧ ቀድሞ ቀልጦ ቀድሞ እንደሚወለወል የሚወስኑት ክብርት እሳቸው ናቸው።

የአቅላጮቹ አለቃ እየሮጠ መጥቶ ምድጃው ሰንፏልና ተራው ይቀየር ሲል፣ እትዬ የያዙትን ዳቦ እንኳ ሳያስቀምጡ፣ "ቀኑ ይረዝማል እንጂ ተራው አይለወጥም" ይሉታል። አውሎ ነፋስ መብራት ያጠፋ ለትም መልሳቸው ያው ነበር። አቶ ሹ አንዴ ተናደው በራሳቸው ሥልጣን ተራውን ገለበጡት። ወልዋዮቹ የሚወለወል አጥተው እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። እትዬ ለሥራ ፈቶቹ ሻይ ላኩ። ከዚያ ወዲህ አቶ ሹ በጠረጴዛቸው በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ወልዋዩ ቲንግሻን፣ "እትዬ የሚሞቱትም ተራ ጠብቀው ነው" እያለ ክፍሉን ያስቅ ነበር።

ዘንድሮ ግን ቀኝ ትከሻው ከዳው። ለማንም አልተነፈሰም። የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ የሱ ሥራ ነው፤ ቶሎ ስለሚወለወል በተራው መጨረሻ ገብቶ ቀኑን የሚዘጋው ይሄ ቧንቧ ነበር። አሁን በእጁ ላይ ይንቀረፈፍ ጀመር። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። እየቆየ ሲሄድ ግን ሌላው ሁሉ ጨርሶ እሱን ብቻ መጠበቅ መጣ። ቦታዬን ለጎረምሳ ይሰጡብኛል ብሎ እንቅልፍ አጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ወርደው ወደማያውቁበት መወልወያ ክፍል ወረዱ። አጠገቡ ቆመው እጁን አዩት። ቲንግሻን ቀና ሳይል፣ ነገ አካክሳለሁ አላቸው።

"እስከ ትናንት ብትዘገይም ተራው ይችልህ ነበር" አሉ። "ዛሬ ገደቡን አለፈ። ከነገ ጀምሮ ይሄ ያንተ ቧንቧ ቀደም ብሎ ይሠራል። ቀኑን የሚዘጋው የአትክልት ቦታው ቧንቧ ነው፤ እሱ ዛሬም ቶሎ ተወልውሎ ያልቃል።"

"እኔስ፣ እትዬ?" አለ።

"አንተ ምን ሆንክ? ያረጀው ተራው ነው። ትከሻህን ግን ታሽ፤ የባለቤቴን ወገብ ያቃናች ሴትዮ አለች፣ እሁድ እወስድሃለሁ።"

በማግስቱ ሁሉም በአንድነት ጨርሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ።

ቲንግሻን ዛሬም በእትዬ ይቀልዳል። ሌላ ሰው ሲቀልድባቸው ግን ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሰውየው ዝም እስኪል ድረስ ያፈጥበታል።