ሁለት ጊዜ ያሳጣችኝ ኪኒን

አንዲት ኪኒን ሰውን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ታሳጣለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔን አሳጣችኝ። ሁለተኛው ዛሬ ጠዋት ነው!

የዛሬውን ለመናገር ግን መጀመሪያ የደርጉን ጊዜ መናገር አለብኝ። ፖስቱ ረዘመብን የምትሉ ወደ ታች ውረዱ፤ ውርደቴ እዚያ ይጠብቃችኋል።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሆሳዕና ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ዝምተኛ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። እዚህ የምለፈልፈው ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ተማሪዎቼ ፊት ችግር አልነበረብኝም። ትልቅ ሰው ዓይኑን ከጣለብኝ ግን ድምፄ ይጠፋል። በቃ ይጠፋል!

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታደሰ ይህን አያውቅም። የእጅ ጽሑፌን አይቶ፣ "ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ግጥሙን የምታነቢው አንቺ ነሽ" አለኝ። ሜዳ ላይ። ሕዝብ ፊት። በድምፅ ማጉያ!

ለምን እምቢ አላልሽም አትሉኝም? በዚያ ዘመን ያለ ሐኪም ወረቀት እምቢ ያለ ሰው "አድኃሪ" ይባላል። እንዲህ የተባለች መምህርት ሰኞ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ሌላ አስተማሪ ቆሞ ልታገኝ ትችላለች። ማስተማሩን ደግሞ እወደው ነበር።

ስለዚህ ወረቀት አስፈለገኝ። ለወረቀቱ ደግሞ በሽታ።

እኔ ጤነኛ ነኝ። በሽታ ከየት ላምጣ?

ከጎረቤት ተዋስኩ! እትዬ አማረች ከእንሰቱ ማዶ ቆማ በየቀኑ ሕመሟን ትዘረዝርልኛለች። ማዳመጤ አዘኔታ መስሏት ነበር እንጂ፣ እኔ በዚያ ሳምንት በቃሌ እያጠናሁ ነበር።

ክሊኒካችን ውስጥ አቶ ኤርሲዶ የሚባሉ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥቡና መርፌ የሚወጉ የጤና ረዳት፣ ነበሩ። ሁላችንም ዶክተር እንላቸዋለን። አዲስ አበባ ተልከው ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ጥቂት ወራት ተምረው ስለመጡ፣ ሐሳብ የበዛበት ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ሕክምናቸው ሰውን ከክሊኒኩ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ "እሺ፣ ከዚያስ?" ማለት ነው። ከዚያ ዝም ይላሉ።

ዝምታቸው ከመርፌ ይከፋል!

"እንቅልፍ የለኝም" አልኩ።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ልቤ ይመታል። ከቀኝ ጎኔ ተነሥቶ ወደ ትከሻዬ የሚወጣ ነገር አለ።"

"ከዚያስ?"

የያዝኩት አለቀ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ጨነቀኝና የእትዬ አማረችን የመጨረሻውን ጨመርኩበት።

"የጀመረኝ ሁለተኛውን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።"

እስክሪብቷቸው ቆመ።

"ባለቤትሽ ደኅና ነው?"

"አላገባሁም።"

ቀና እንኳ ሳይሉ ጻፉት። ምን ብለው እንደጻፉት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ኪኒን ሰጡኝ። "ይቺን በእውነት የታመመ ሲውጣት ምንም አይታይበትም። ጤነኛ ከዋጣት ግን ሽንቱ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ዋጪያትና ቅዳሜ መጥተሽ ንገሪኝ። ወረቀቱን ያኔ እጽፍልሻለሁ።"

ቤት ገብቼ ዋጥኩ። በነጋታው ነጩ ፖፖ ውስጥ አየሁ።

አደይ አበባ!

ቀኑን ሙሉ ውኃ ጠጣሁ። ማታ ሁለተኛዋን ዋጥኩ። ጠዋት ባሰበት! ያ ቀለም የት ነበር የተደበቀው? እናቴ ፖፖ ላይ አጎንብሼ አይታኝ፣ "ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ወረቀቴ?

"ምንም አልታየብኝም ብለሽ አትዋሽም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አላሰብኩትም። ወንጌላዊ አባት ያሳደገኝ ልጅ ነኝ፤ የተዘጋጀሁት ለአንድ ውሸት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሳልቀመጥ፣ "ቢጫ ነው" አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ግጥሙን፣ ጓድ ታደሰን፣ ድምፄ እንዴት እንደሚጠፋ፣ እትዬ አማረችን። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

አቶ ኤርሲዶ መነጽራቸውን አወለቁ። "የእኔ ልጅ፣ ያቺ ቪታሚን ናት። ማንም ቢውጣት ሽንቱ ቢጫ ይሆናል። እኔም ብውጣት።"

አስቡት!

"ዋሹኝ?" አልኩ።

"አንቺ በበሽታ ጀመርሽ፣ እኔ በመድኃኒት ጨረስኩ።"

"በሽተኛውንም እንዲህ ነው የሚያታልሉት?"

ሳቁ። "ለታመመውማ እውነቱን ነው የምነግረው። ይቺ ቪታሚን ናት፣ የሚያድንሽ መጥተሽ መጫወትሽ ነው እላለሁ። ማን ያምነኛል? ለጎረቤትሽም ነግሬአታለሁ። ከውጭ አገር የመጣ መድኃኒት ደብቀውኝ ነው እያለች ታማኛለች።"

ከዚያ ኮስተር አሉ። "በሐሰት አልፈርምልሽም። የነገርሽኝ እውነት ግን አለ። እሱን እጽፋለሁ።" ጽፈው አሽገው ሰጡኝ። ጓድ ታደሰ ብቻውን የሚያነበው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወሰድኩ።

ጓድ ታደሰ ግን ደብዳቤን ብቻውን አያነብም። "ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ነገር የለም" ይላል፤ የእድር ወረቀት ሳይቀር ስብሰባ ላይ ነው የሚያነበው። ለበዓሉ የሚዘፍነው የቀበሌው የኪነት ቡድን በሙሉ በተቀመጠበት ፖስታውን ቀደደ።

"መምህርት አስቴር ምንም በሽታ የለባትም" ብሎ አነበበ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። አልተከፈተችም።

"ሰው ሲያያት ትፈራለች። ይህ በኪኒን አይድንም። ሕዝቡ በማያያት ቦታ ብትቆም ድምፅዋ ይወጣል።"

ጓድ ታደሰ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ላይ አድኃሪ የሚል ፈልጎ ይሆናል። የለም። ከኋላ የተቀመጠው ከበሮ መቺ ትልቁን ከበሮ ገፋ አድርጎ፣ "ነይ፣ ቲቸር፣ እዚህ ቦታ አለ" አለ።

ሁሉም ሳቀ። ጓድ ታደሰም ሳቀ። እሱ ከሳቀ በኋላ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ሰኞ ክፍሌ የእኔ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በበዓሉ ቀን ከከበሮው ጀርባ ተቀምጬ ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ድምፄ አንድም ጊዜ አልጠፋም። እትዬ አማረች ማታ በእንሰቱ በኩል መጥታ፣ "ቴፑ እንዴት ጥርት ይላል!" አለችኝ። አላረምኳትም።

አሁን ወደ ዛሬው።

እግሬን ሲያደነዝዘኝ ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሐኪም ኪኒን አዛልኝ ነበር። የአንድ ወር። እኔ ብልቃጡን እንኳ ሳልከፍት ተውኩት። ኪኒን ጉሮሮዬ ላይ ይቆምብኛል።

ዛሬ ለቀጠሮዬ ሄድኩ።

"እማማ፣ መድኃኒትዎን ጨረሱ?"

"አንዲት ሳላስቀር!"

"ጎበዝ! ሽንትዎ መልኩ ተለውጦ አላስደነገጠዎትም?"

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረበት! ግን ኮራሁ።

"ኧረ በፍጹም! እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው!"

እስክሪብቶዋ ቆመ።

ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አይቼዋለሁ። ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የኪኒኑ ብልቃጥ ሄደ፤ ጽሑፉን አነበብኩ።

ያቺው ቪታሚን ናት!

በጤናዬ ስውጣት አሳጣችኝ። ታምሜ ሳልውጣት ስቀርም አሳጣችኝ። ሚስጥሯን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አለ?

ልጅቷ አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች፣ ፈገግ አለች።

"እሺ እማማ፣ ከዚያስ?" አለችኝ።

ከዚያማ ሁሉንም ነገርኳት። ከፖፖው እስከ ከበሮው! ሳቋን ሰምተው ውጭ ወረፋ የያዙት በሩን ከፍተው አዩን።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዷን ውጫለሁ። ጉሮሮዬ ላይ ቆማ፣ ኋላ ወርዳለች። የነገውን ቀለም ኮሜንት ላይ እንዳትጠይቁኝ።

እናንተስ ሐኪማችሁን ስንት ጊዜ ዋሽታችኋል? ንገሩኝ እንጂ። እኔም ፊታችሁን አላይም።