ሊቀ ጠያቂያን እትዬ ጌጤ

እኛ አገር የታመመ ሰው ሁለት ነገር መቻል አለበት፤ አንዱ በሽታው ነው፣ ሌላው ጠያቂው። ተራውን ጠያቂ ማለቴ አይደለም። ተራው ጠያቂ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት ያወራና ይሄዳል። የምለው ያኛውን ነው፤ ከየትኛውም ሰፈር የማይጠፋውን፣ የሰው ሕመም መደበኛ ሥራው የሆነውን፣ ከሐኪሙ ቀድሞ ደርሶ ከንስሐ አባቱ በኋላ የሚወጣውን።

የእኛ ሰፈር ሊቀ ጠያቂያን እትዬ ጌጤ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸው አያውቁም። ስልሳ አምስት ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ከወጡ አንድ ሰው ታሟል ማለት ነው። በወባ የተኛ፣ የወለደች፣ ከባጃጅ የወደቀ፣ ጥርስ የነቀለ፣ አንዱም አይቀራቸውም። ገብተው ይቀመጡና በሽተኛውን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። ከዚያ በዚያው በሽታ የሞተ አንድ ሰው ያስታውሳሉ። ጎረቤታችን አለሙ ሆዱን ቆርጦት የተኛ ጊዜ በቁርጠት ስለሞተ አንድ የገሳይ ከተማ ነጋዴ ከነቀብሩ ሲያወሩለት አመሹ። አለሙ በማግስቱ ድኛለሁ ብሎ ተነሥቶ ገበያ ወጣ።

እኔ አዲስዓለም እባላለሁ፣ ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በሽታዬ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ስሙን ለማግኘት ብቻ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ ጠበል ገባሁ። ሪህ ነው ተባልኩ፣ ብርድ ነው ተባልኩ፣ ሐሳብ ነው ተባልኩ። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንዲት ሐኪም ትከሻዬንና ወገቤን እየተጫነች መረመረችኝና ቁርጡን ነገረችኝ። መላ ሰውነትን ያማል፣ ቢተኙም አያሳርፍም፣ ድካሙ አይለቅም። በደም ምርመራም በራጅም አይታይም። አይገድልም፣ ጨርሶም አይለቅም፤ በመድኃኒትና በቀስታ እንቅስቃሴ እየተረዱ አብረውት ይኖራሉ። የፈጠርሽው ነገር አይደለም ስትለኝ አለቀስኩ። እንደኔ ያለች ብዙ አይታለች መሰለኝ፣ ሶፍት አቀበለችኝ።

ችግሩ በሽታው ለሰፈር ደንብ የማይመች መሆኑ ነው። ሰፈር የሚያውቀው በሽታ ይጀምራል፣ ይጠየቃል፣ ከዚያ ወይ ይድናል ወይ ይገድላል። የኔው ዝም ብሎ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቴ በጠያቂ ሞላ። በሁለተኛው ወር ሦስት ሰው መጣ። ዓመት ሲሞላው ማንም አልመጣም። አልፈርድባቸውም፤ እኔንም በሽታዬ ሰልችቶኛል። እትዬ ጌጤ ግን መጡ፣ በሁለተኛውም ዓመት መጡ፣ በሦስተኛውም።

ለአመጣጣቸው ሰዓት የላቸውም። ማለዳ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ብርቱካናቸውን ይዘው በሩን ሁለት ጊዜ ይመቱና ግቡ ሳይባሉ ይገባሉ። ቆሜ ካገኙኝ «ዛሬስ ቆመሻል» ይላሉ። ተኝቼ ካገኙኝ «ፊትሽ ግን ደህና ነው» ይላሉ። ይህችን «ፊትሽ ግን ደህና ነው» የምትባል ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም። እየቆየ ፊቴ አንድ ጥፋት የሠራ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ደረሱ። ገና ሁለት ቀሚስ ነው የሰቀልሁት። ሦስተኛውን ለማንሣት አቅቶኝ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ቆመው አዩኝ፣ የቀረውን ልብስ ሰቀሉልኝና ሄዱ። በማግስቱ ልብስ ማጠቤን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ አራት ቀን መተኛቴን የሰማ ግን የለም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለጋ ቅቤ ይዘው መጥተው ጀርባሽን ካላሸሁ አሉ። ሐኪሟ ጠንከር አድርጎ ማሸትን እንደከለከለችኝ ነገርኳቸው። ሐኪሟ ልጅ ናት አሉና ነጠላዬን ገለጡት። መዳፋቸው ገና ትከሻዬን ሲነካ ጮህኩ። እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። የዚያን ቀን የሞተ ሰው አላስታወሱም።

እንዲህ እንዲህ ስንል የእድሩ ነገር መጣ። ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከአልጋ ከዋለች ሰንብታለች። የእድሩ አባል እኔ ነኝ። እድራችን ለቅሶ ሲሆን ለሴቶች ተራ ያወጣል፤ ውኃ መቅዳት፣ መጋገር፣ ዕቃ ማጠብ። በዓመት ሦስት ለቅሶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል። እኔ ሦስት ቀረሁ። ሦስቱንም ጊዜ አሞኛል ብዬ ላክሁ። ትናንት ቢሮ ስትገባ አይተናታል አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይተውኛል። ቢሮ ስምንት ሰዓት እንደምንም ከቆየሁ በኋላ ለባልዲ የሚተርፍ እጅ እንደሌለኝ ግን ከውጭ አይታይም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ደሳለኝ ጉዳይሽ እሑድ ይታያል ብለው አስጠሩኝ። ለመሟገት የሚበቃ ጉልበት አልነበረኝም፣ ይሰርዙኝ ብዬ ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር። እናቴ ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና «ልጄ፣ ስሞት እኔንስ ማን ያነሣኛል?» አለችኝ።  ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፣ እሑድ ጠዋት ግን ተነሥቼ ለበስኩ።

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። በሽታዬን አስረዳሁ፣ የሐኪሟንም ወረቀት አሳየሁ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አበበች፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ብርቱ ሴት፣ በትሕትና ተነሥታ ወገብ የማያመው እንደሌለ፣ እሷም ወገቧን እያመማት ውኃ እንደምትቀዳ ተናገረች። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። በውነቱ እኔም እሷን ብሆን ይህንኑ እል ነበር። አቶ ደሳለኝ የሚመሰክር አለ ወይ ሲሉ እትዬ ጌጤ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተነሡ። አለቀልኝ አልኩ።

«እኔ ይችን ልጅ አራት ዓመት ተመላልሸባታለሁ» አሉ። «ስጠይቃት መስሏት ነው እንጂ ልይዛት ነበር የምሄድ። ውሸታም በሽተኛ አውቃለሁ፤ ጠያቂ ሲገባ ይተኛል፣ ሲወጣ ይነሣል። በጧት ሄድኩባት፣ በቀትር ሄድኩባት፣ ግቢ ሳልባል ገባሁባት። ልብስ ያጠበች ለታ ቆማ አየኋት፤ በሦስተኛው ቀን ብሄድ ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። ለቅቤ ትከሻዋን ብነካት ሕፃን እንደ ረገጥሁ ነው የደነገጥሁ። አራት ዓመት ጠበቅኋት፣ አንድ ቀን አልተያዘችም። ያሳሳተን ፊቷ ነው።»

 እኔ ከማልቀስና ከመናደድ የቱን እንደማስቀድም ጨነቀኝ። ያ ሁሉ ብርቱካን ለካ የምርመራ ብርቱካን ነው።

አበበች እንግዲያው ምን ትሥራ ስትል ጠየቀች። ለክፋት አልነበረም።

«ትቀመጥ» አሉ እትዬ ጌጤ። «ሁላችንም ሥራ ሥራ እያልን ስንሮጥ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ነው የምትቀር። እሷ አጠገቧ ትቀመጥ፤ ይህም ሥራ ነው።»

አቶ ደሳለኝ መዝገቡ ላይ ጻፉት፦ አዲስዓለም፣ የመቀመጥ ተራ። ቤት ገብቼ ለእናቴ አልተሰረዝንም ስላት ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበችና ተኛች። ጉዳዩን ከሰማች ወዲህ እንዲህ ስትተኛ አላየኋትም ነበር።

መቀመጥም ቀላል አይደለም። ፈንታነሽ ባሏ የሞተባት ጊዜ ሦስት ቀን አጠገቧ ዋልሁ፤ ሲብስብኝ እነሣለሁ፣ ትንሽ እራመዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ምንም አላጽናናኋትም፤ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥሁት፣ እሷም እጄን ይዛ ዝም ብላ ነው የዋለች። በሌላ ለቅሶ ላይ እትዬ ጌጤ ሠናይትን ይዘው መጡ፤ ፀጉር ሠሪዋን። «ይችም እንዳንች ናት፤ ሁለት ወር ሄጀባታለሁ» ብለው አጠገቤ አስቀመጧት። ለዓመታት ለባሏ እንኳ አልተናገረችም ነበር። ዛሬ ድንኳኑ ጥግ ላይ አራት ነን፣ አራታችንም በእትዬ ጌጤ ተመርምረን ያለፍን። ያላንቀላፋንበትን ሌሊት ለመተራረክ ማስረዳት አያስፈልገንም። ጧት ጧት የቻልን የቻልነው ተያይዘን አስፋልቱን ይዘን ቀስ እያልን እንሄዳለን። የሐኪሟን ስም መያዝ ስላቃታቸው እትዬ ጌጤ በሽታውን «የአዲስዓለም በሽታ» ብለውታል፣ ሰፈሩም ተቀብሎታል። ዝና እንዲህ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ባለፈው ጥር እትዬ ጌጤ ልጃቸው ወልዳ ወደ እብናት ወረዱ። የመጀመሪያውን ሳምንት አረፍሁ፤ ግቡ ሳይባል የሚገባብኝ የለም። በሁለተኛው ሳምንት በሽታዬ ተነሣብኝና አምስት ቀን ተኛሁ፤ የምነሣው ለእናቴ እህል ውኃ ለማቅረብ ብቻ ነው። ከቢሮ ደውለው፣ አሞኛል ስላቸው እንደ ዕረፍት ቆጥረው መልካም ዕረፍት ብለው ዘጉት። ሠናይትም ተኝታለች። በአምስተኛው ቀን ጆሮዬ በሩ ላይ መሆኑን አወቅሁ። አፍሬም ቢሆን ደወልኩላቸው።

ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ቆመሻል ተኝተሻል?»

«ተኝቻለሁ» አልኳቸው።

 በላይኛው ቤት ያለችውን፣ ሙሉ የምትባለውን ጎረቤታችንን አሁኑኑ እንደሚልኳት፣ ገብታ አይታኝ እንደምትደውልላቸው ነገሩኝ። ድሮ ቢሆን ይህን ስሰማ ተነሥቼ ፀጉሬን አበጥር፣ አልጋዬን አነጥፍ ነበር። ያን ቀን ምንም ሳልነካ ጠበቅኋት። ያለሁበትን እንዳለ አይታ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለእትዬ ጌጤ እንድትነግርልኝ ፈለግሁ።