ደጃዝማች ሞገድ በናዝሬት

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አለ። መሥሪያ ቤቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ያ ሰው አይታጣም። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ለሥራው ሳይሆን ለእሱ የተላከ ይመስለዋል። ስልክ ሲገባ ስልኩ ላይ ቁልፍ ያንጠለጥልበታል፤ ማባዣ ሲገባ ያለ ፊርማው አንዲት ገጽ አትባዛም። ሥራ ሊያፋጥን ለመጣው ነገር ሁሉ ሥርዓት ያበጅለትና ከሥራው የባሰ ሥራ ያደርገዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ዛሬ ጠዋት ሦስት ቅጽ አስሞልቷችሁ ይሆናል።

በናዝሬት ይህን ማዕረግ የያዙት ጓድ ሙሉብርሃን ነበሩ። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቲማቲምና ሽንኩርት እየሰበሰበ ለአዲስ አበባ በሚያቀርብ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ የመገናኛ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ክፍሉ ሁለት ሰው ነው፤ እሳቸውና አሰፋሽ። አሰፋሽ ሬዲዮ ኦፕሬተርም፣ ጸሐፊም፣ መዝገብ ያዥም ናት። ስለዚህ ኃላፊው የሚመሩት ሕዝብ እሷ ብቻ ነበረች፤ ደግሞም በሚገባ መሯት።

በ1975 ዓ.ም. ድርጅቱ አራት የሬዲዮ መገናኛዎች ገዛ፤ አንዱን ለናዝሬት፣ ሌሎቹን ለመቂ፣ ለአዳሚ ቱሉና ለአርሲ ነገሌ። ነገሩ ቀላል ነበር። መቂ ላይ ቲማቲም ሲደርስ የመቂው ሰው ይናገራል፣ ናዝሬት መኪና ይልካል፣ አዲስ አበባ ይበላል። አንዱ ሲናገር አራቱም ጣቢያ ስለሚሰማ ማንም ማንን መጠበቅ የለበትም። አሰፋሽ ሬዲዮው ሲተከል ባየች ጊዜ እግዜር ይስጣቸው ብላ ነበር። ከአሁን ወዲያ በሚንኮሻኮሽ ስልክ ስትጮህ አትውልም።

ጓድ ሙሉብርሃን ግን ለሬዲዮው ሥርዓት አወጡለት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑን ይይዙና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በመጀመሪያ አብዮታዊ ሰላምታ ለየጣቢያው ይቀርባል። ቀጥሎ የየጣቢያው ሠራተኛ በየስሙ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ደኅንነቱ ይጠየቃል። ከዚያ መልእክት ይመጣል። መልእክቱ በቅጽ ላይ በሦስት ግልባጭ ይጻፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ እሳቸው ይፈርሙበታል፣ በሬዲዮ ይነበባል፣ ተቀባዩ ይደግመዋል፣ በመጨረሻም ማረጋገጫ ደብዳቤ በአውቶቡስ ይላካል። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አንድ መልስ ያገኛል።

«ያልተጻፈ ቃል ንፋስ ነው።»

አንድ ጠዋት የአርሲ ነገሌው ሱሩር፣ ድንጉጥና የዋህ ሰው፣ መንገዱ ጭቃ መሆኑን ሊያስታውቅ ፈለገ።

«ናዝሬት፣ እዚህ ዘነበ። ኦቨር።»

«አልተሰማም። በፊደል ድገም።»

«ዘ... ዘ እንደ ዘውድ...»

ጓድ ሙሉብርሃን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ዘውዱ ከወደቀ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ በአየር ላይ መጥራቱ ግን የሚያስጠይቅ ነው። «ሰርዝ! ሰርዝ ነው የምልህ! ዘ እንደ ዘመቻ በል!» ከዚያ ስረዛው ራሱ ቅጽ ተሞላለት። ዝናቡ ማባራቱን ሱሩር ሊናገር ሲል ነው ስለ መዝነቡ የተጻፈው ወረቀት የተፈረመው።

ደጃዝማች ሞገድ የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ሰሞን ነው። የአየሩ ሞገድ ግዛታቸው ስለሆነ። የመኳንንት ማዕረግ በተሻረበት ዘመን ይህን ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም እንጂ፣ የመቂው ወዬሳ ሬዲዮው መጥፋቱን ሁለቴ ካረጋገጠ በኋላ አንዳንዴ ስሙን ይጠራዋል ይባላል።

ኋላ ደግሞ የውስጥ ስልክ ገባ። የአሰፋሽ ጠረጴዛ ከጓድ ሙሉብርሃን ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ አይርቅም። በገባ በመጀመሪያው ቀን ስልኳ ጮኸ፤ አነሳች።

«ጓዲት አሰፋሽ ናት?» አሉ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው።

«ጋሼ፣ እያዩኝ አይደል እንዴ?»

«ማየትና መገናኘት ይለያያሉ» አሉና በስልኩ ውስጥ የውስጥ መስመሩ ቁጥር 1 መልእክት መሆኑን መዝግቢ አሏት።

አሰፋሽ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠራ በወባ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ማዳመጫውን ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትደፋው ጆሮዋ ውስጥ ሽምብራ የሚቆላ ይመስላታል። ቤቷ ገብታ ልጆቿ ሲያወሯት «ድገሚ» ማለት ጀምራ ነበር። ያኔ ነው መድከሟን ያወቀችው። የድካሟን ነገር ለሰው ስትናገር የሬዲዮውን ጩኸት አታነሳም። «ሰውዬው ነው» ትላለች። «ሰውዬው ጨረሰኝ።»

ወዬሳም ያውቅላታል። የመቂ ጣቢያ ኃላፊ፣ የስድስት ልጆች አባት፣ አማርኛውን በኦሮምኛ ሰላምታ ሳያጅብ የማይናገር ሰው ነው። ጓድ ሙሉብርሃን ሲጨርሱና ሊወጡ ሲሉ በሹክሹክታ «አካም ቡልተን፣ አዴ አሰፋሽ? በርቺ» ይላታል። ይህቺን የምትመዘግብበት ቅጽ ስላልነበረ ደስ ይላት ነበር።

እንዲህ እያለ ሚያዝያ መጣ። ዝናቡ ቀረና የመቂ ፀሐይ ከረረ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወዬሳ ሳይጠራ በራሱ ገባ፤ ድምፁ የወትሮው አልነበረም።

«ናዝሬት፣ ናዝሬት። አዴ አሰፋሽ፣ ቲማቲሙ ደርሶ አልፏል። መኪናው ሐሙስ ነው የሚመጣው፤ እስከ ሐሙስ አይቆይም። ገበሬዎቹ ሳጥኑን ሞልተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አሁን ሁለት ባዶ መኪና ከአርሲ ነገሌ ሲመለስ እዚህ በር ላይ ደረሰልኝ። ላስቁመውና ልጫን? ኦቨር።»

አሰፋሽ ዞር ብላ አየች። የጓድ ሙሉብርሃን ወንበር ባዶ ነው። የማክሰኞ ውይይት ክበብ ላይ ናቸው፤ እስከ ስድስት ሰዓት አይወጡም። ያለ ፊርማቸው ቅጹ ቅጽ አይደለም። ቅጹን ሳበች፤ ካርቦኑን አስገባች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። ስንት ጊዜ ነው? ስንት ሺህ ጊዜ? መኪናዎቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ እየጠበቁ ነው።

«ጫን፣ ወዬሳ» አለች። «ጫንና ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው።»

«ዋቃ ሲሃኬኑ! እግዜር ይስጥሽ።»

ካርቦኑን መልሳ አወጣችው። ያን ቀን እንዴት ቀለል ብሏት እንደዋለች አይነገርም። ለምሳ ቤቷ ሄዳ ተመለሰች። ጓድ ሙሉብርሃን ከስብሰባ ሲመጡ ምንም አልነገረቻቸውም።

መኪናዎቹ ግን አዲስ አበባ አልደረሱም። መንገድ ላይ ያለ ኬላ አስቆማቸው። ሾፌሮቹ የያዙት ወረቀት ባዷቸውን ወደ ናዝሬት ተመላሽ መሆናቸውን ነው የሚናገረው፤ እነሱ ደግሞ ጭነት ይዘው ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ነው። ማነው ያዘዘው? ደብዳቤው የታል? ደብዳቤ የለም። አሰፋሽ ስትስቅበት የኖረችው፣ በአውቶቡስ የሚላከው የማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ኬላው የጠየቀው እሱኑ ነበር። መኪናዎቹ ከነጭነታቸው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ከሥራቸው ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር።

ቅዳሜ ወዬሳን ያዙት።

የተባለው ቃል ከባድ ነበር፤ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር። በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ቃል ገብተው ያልወጡ ሰዎች ነበሩ። ወዬሳ ሲጠየቅ «ከናዝሬት ተፈቅዶልኝ ነው» ብቻ አለ። ከናዝሬት ማን? ሲሉት «ናዝሬት» ይላል። ሌላ ቃል አልወጣውም።

አሰፋሽ እህል መቅመስ አቃታት። ስሟን አለመጥራቱ ቢጠራት ኖሮ ከሚያማት በላይ አመማት። ልናገር ብላ ትነሳና ሁለቱን ልጆቿን ታያለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሰኞ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት መርማሪዎች መጡና ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። የሬዲዮው መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ዋናው መርማሪ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ገጹን አየ። «በዚህ መዝገብ ላይ የሬዲዮው ሳል እንኳ ተጽፏል» አለ። «ማክሰኞ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ግን ባዶ ነው። ሌሎቹ ጣቢያዎችም ምንም አልሰማንም ብለዋል። ስለዚህ ፈቃድ የሰጠ የለም። የመቂው ሰው ዋሽቷል ማለት ነው። አይደለም የሚል አለ?»

አሰፋሽ ልትነሳ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። በዚያ መሀል ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ተንቋቋ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጓድ ሙሉብርሃን።

መዝገቡ ወደተዘረጋበት ጠረጴዛ ቀረቡ።

«ከውይይት ክበቡ ለሽንት ወጣሁ። ስኳር እንዳለብኝ ሁሉም ያውቃል። በዚያው ወደ ሬዲዮው ክፍል ብቅ ስል መቂ ይጣራል። ጫን አልኩት።»

«በጽሑፍ?»

«በቃል።»

«ለምን አልተመዘገበም?»

ጓድ ሙሉብርሃን ኮታቸውን ቆለፉ። «ስለቸኮልኩ» አሉ።

አንድ ሰው ከኋላ ሊስቅ ጀመረና ተወው። መርማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዋናው መርማሪ የመዝገቡን ቅጠሎች ወደኋላ እየገለበጠ ገጽ በገጽ የሰውዬውን ፊርማ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሰውዬውን አየ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ወዬሳ በሳምንቱ ተፈታ። ጓድ ሙሉብርሃን ሃያ አንድ ቀን ታስረው ወጡ፤ ከኃላፊነታቸው ወርደው አርሲ ነገሌ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ሆነው ተመደቡ። ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አሰፋሽ ወንበር ሳበችላቸው። እሳቸው ግን የርክክብ ቅጽ አስሞሏት፤ በሦስት ግልባጭ።

በምትካቸው አንድ ቀልጣፋ ወጣት መጣ። የጠዋቱ ሬዲዮ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። መቂ ይናገራል፣ ናዝሬት ይሰማል፣ መኪና ይሄዳል፤ ወረቀቱም በአንድ ቅጠል ያልቃል። አሰፋሽ የተመኘችው ሁሉ ሆነ። ጆሮዋ ተሻላት። ሥራው ቢቀልላትም በልቧ የተቀመጠው ነገር አልቀለላትም። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች።

ጓድ ሙሉብርሃንን መጋዘን ውስጥ አገኘቻቸው፤ በጆንያ መሀል፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ በየጆንያው ላይ በጠመኔ ቁጥር እየጻፉ። ከስተዋል። ሲያዩዋት አልተገረሙም፤ ከጆንያው አንዱን አራግፈው «ተቀመጪ» አሏት።

«ጋሼ፣ እኔ እንደሆንኩ በምን አወቁ?»

«መዝገቡን አየሁት» አሉ። «አንቺ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳትጽፊ ውለሽ አታውቂም። ወዬሳ ሲጣራ ማን ይመልስለታል? ወንበሩ?»

«ታዲያ ለምን...» አለች። «እኔ ልነሳ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነሳ ነበር።»

«አይቼሻለሁ። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።» ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ ተነስተሽ እውነቱን ብትናገሪ፣ አንቺንም ወዬሳንም አብረው ይይዟችኋል፤ ተማክረው ነው ይላሉ። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ሥራ ስኖር ያለ ወረቀት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ አውቃለሁ፤ ያወጣችሁልኝንም ስም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ ‹በቃል ነው ያልኩት› ሲል ማን ይጠራጠረዋል?»

አሰፋሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሳቸው አላዩም፣ ወይም እንዳላየ ሆኑ። ወደ ጆንያዎቹ ዞረው የአዲሱን የምዝገባ ሥርዓታቸውን ያስረዷት ጀመር፤ በስተግራ ያሉት ስንዴ፣ በስተቀኝ ያሉት በቆሎ፣ እያንዳንዱ ጆንያ የመግቢያ ቁጥር፣ የመደዳ ቁጥርና የጣራ ፍሳሽ ሥጋት ደረጃ እንዳለው፤ ለምን ደረጃው ሦስት ሳይሆን አራት መሆን እንዳስፈለገ፤ ይህንንም ለዋናው መሥሪያ ቤት በምን ዓይነት ደብዳቤ እንዳሳሰቡ።

ውጭ የናዝሬት አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። አሰፋሽ ደክሟታል፤ መንገዱም፣ ሰውዬውም አድክመዋታል። ደረጃ ሁለትን እያስረዱ ነበር። አልተነሳችም።