ተርጓሚው ያርጋልና ከብት የሌለው ሣር አጫጅ

ለመጻፍ በመድፈሬ አንባቢዎች ይቅር በሉኝ። ፊደል የለየሁት ዘግይቼ፣ ልጆቼ ከኔ ቀድመው ማንበብ ከጀመሩ በኋላ ነው። ዛሬም አንድ ገጽ ስጽፍ ጋሻ መሬት ያረስኩ ያህል ያልበኛል። ግን ስለ አቶ ያርጋል የሚጽፍ ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ ጠፋ። የተማሩት አያውቁትም፣ የሚያውቁት አልተማሩም። እኔው ደፈርኩ።

ሰው በሰፈረበት ሁሉ፣ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲቆም ሞተሩን ሳያይ በሽታውን ይናገራል። በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ከሐኪሙ ቀድሞ መድኃኒት ያዛል። «አላውቅም» የምትባል ቃል ከአፉ ስትወጣ የሰማ የለም። የናንተን ሰፈር ሰውዬ እናንተ ታውቁታላችሁ። የደባርቁ ግን ክቡር አቶ ያርጋል ነበር፤ የወይዘሮ አልጣሽ ቪዲዮ ቤት ሊቀ ተርጓሚ፣ የባሕር ማዶ ጉዳዮች አፈ ጉባኤ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቲኬት እቀድድ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ያርጋል ዕድሜውን የጨረሰው በቅሎ በመንዳት ነው። ቱሪስት ጭኖ ሰሜን ተራራ ላይ ጨነቅ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጉልበቱ ሲጎዳ በቅሎዋን ሸጠና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለች ዱካ፣ ከትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ከዚያች ዱካ በቀር የሚከበርበት ነገር አልቀረውም። እንግሊዝኛውም ከበቅሎ ጀርባ የተለቀመ ነው። ቱሪስት ኮርቻ ላይ ሆኖ የሚለውን ሁሉ ያውቃል፦ ቀስ፣ አቁም፣ ውሃ፣ እንዴት ያምራል፣ ወይኔ ወገቤን። ችግሩ፣ ፊልም ላይ ያሉ ፈረንጆች በቅሎ አይቀመጡም።

የካራቴ ፊልም እያለ ይህ አላስቸገረውም፤ ቡጢ ትርጉም አይፈልግም። ግን አንድ ዓመት፣ ካሴት የሚያከራየን የጎንደሩ ሰው ካራቴው ሁሉ ተወስዶበት ሌላ ዓይነት ሰጠን። «እነዚህ ሰው እየሞተ የሚያስቁ ናቸው» አለን። እውነትም ግራ የሚያጋቡ ነበሩ። ቤቶቹ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስል አንድ ዓይነት ናቸው። አጥሩ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጅብ ቀርቶ ጥጃ የማይመልስ። ባልየው ክራባት አስሮ ሚስቱን ስሞ ይወጣል። ሚስትየዋ እጇን እያወዛወዘች ትሸኘውና፣ በሩን ዘግታ እንዴት እንደምትገድለው ታስባለች። ጎረቤት ኬክ ይዞ ይመጣል፤ ሬሳው ጓዳ ነው።

ቅዳሜ ገበያ የወጡ ገበሬዎች ወደ ቀያቸው ከመመለሳቸው በፊት ጎራ ይሉ ነበር፤ ጥያቄ የሚያበዙትም እነሱ ናቸው። አንዱ ፈረንጅ በሚጮህ ማሽን የግቢውን ሣር ሲያጭድ፣ አባ ገዱ የሚባሉ የፊት ወንበር የማይለቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው ከብቶቹ የት እንዳሉ ጠየቁ። እውነትም ከብት የለም። ላም የለች፣ በሬ የለ፣ ሣር ግን ይታጨዳል። ቤቱ በሙሉ ወደ ያርጋል ዞረ።

ያርጋል ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩ እንዲህ ነው» አለ፤ ሁልጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነው። ከብቶቹ ለጊዜው አማቱ ዘንድ ናቸው፣ ከሚስቱ ጋር ያጣላውም ይኸው ነው ብሎ አስረዳ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ስለ ከብት ሆነ። ሚስትየዋ ባሏን ከደረጃ ላይ ስትገፈትረው፣ ከኋላ አንዱ «ከብቶቹን ተውላት ብንለው አልሰማ አለ» ሲል ሰማሁት።

ኢንሹራንስ የመጣ ዕለትማ ጉድ ነበር። በነዚህ ፊልሞች ሰው የሚገደለው አብዛኛውን ጊዜ ለኢንሹራንስ ነው። ያርጋል ኢንሹራንስ ማለት የነሱ እድር ነው አለ። የኛ እድር ድንኳንና ወንበር ይሰጣል፤ የነሱ ግን ቤት ያሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ ስለዚህ ሚስት ትፈተናለች። ይህ ትርጉም ከቪዲዮ ቤቱ አልፎ ከተማ ገባ። በሚቀጥለው የሰፈራችን እድር ስብሰባ የቀብር ክፍያ ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ በአንድ ድምፅ ወደቀ። አጥብቀው የተቃወሙት ባሎች ናቸው።

ያርጋል ለክፉም ጠበቃ ይቆም ነበር። ገዳይዋ እየዘፈነች ወለል ስትወለውል ሰው ሲቆጣ፣ «ፈረንጅም ቢሆን የሰው ልጅ ነው» ይላል። ውስጧ እያነባ ነው፤ ለጎረቤት ላለማሳየት ነው። የሞተውን ሁሉ በወግ ያስቀብራል፣ የገደለውን ሁሉ ንስሐ ያስገባል። ፊልሙ የነፈጋቸውን ቄስ ያርጋል ይሰጣቸው ነበር። እኛም እየሳቅን ገብተን፣ ደህና ሰዎች ሆነን እንወጣ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህርት ስጦታ ገባች። ከወልድያ ተመድባ የመጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ መጥታ የፊት ወንበር ላይ፣ ከአባ ገዱ ጎን ቁጭ።

ያርጋል አያት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ፊልሙ ተጀመረ። ክራባት ያሰረው መጣ፣ ሚስትየዋ ሾርባ እያማሰለች አንድ ነገር አለችው፣ ያርጋል ግን መምህርቷን ያያል። ከኋላ «ምን አለች?» አሉ። ዝም። ሁለተኛ ሲጠይቁት፣ መምህርቷ ስላለች እሷ ትንገራችሁ አለና ዱካዋን ሳብ አድርጎ ከግድግዳው ጋር ተለጠፈ። በቅሎዋን የሸጠ ዕለት አብሬው ነበርኩ፤ የዚያን ዕለት እንኳ እንዲህ አላነሰም።

መምህርቷ ክፋት የለባትም። የተጠየቀችውን መለሰች፣ ያውም አንድ ሳታዛንፍ። ሚስትየዋ ሾርባው ውስጥ መርዝ ጨመረች። ባልየው ሞተ። ከጎረቤት ወንድ ጋር ተጋግዘው ግቢው ውስጥ አበባ ሥር ቀበሩት። ጎረቤቶቹ የት ሄደ ሲሏት ለሥራ አለች፤ እነሱም ስለ አበባው ማማር አወሩ። ሁሉም ትክክል ነው። ቤቱ ግን በረዶ የመታው ማሳ መሰለ።

አባ ገዱ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ ማን አለቀሰለት?»

«ማንም አላለቀሰለትም፣ አባ።»

«ፍትሐትስ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ይኸ የሚያስቀው ምኑ ላይ ነው?»

መምህርቷ በእንግሊዝኛ የሚያስቅበትን ታውቀው ይሆናል፤ በአማርኛ ግን አልመጣላትም። አባ ገዱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ በሩ አመሩ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። ወይዘሮ አልጣሽ በሩን ያዝ ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። በር ይያዛል፤ ሽማግሌ እንዴት ይያዛል?

ይሄኔ መምህርት ስጦታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ጋሼ ያርጋል፣ እኔ የነገርኳቸው ፈረንጆቹ የተናገሩትን ነው። ያልተናገሩትን እርስዎ ይንገሩን።»

ያርጋል ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ። እዚያው ግቢ፣ እዚያው አበባ አጠገብ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ከሰል ላይ ሥጋ ይጠበሳል፣ ብርጭቆ ይዞራል፣ ሚስትየዋ ሽርጥ አሥራ ታስተናግዳለች። ያርጋል እያነከሰ ተነሣና ዱካዋን ወደ ቦታዋ መለሰ።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለ። «አባ ገዱ፣ ይመለሱ። አርባው ነው ዛሬ። ተዝካሩን እያወጣችለት ነው።»

አባ ገዱ ደጃፉ ላይ፣ ልክ እኔ አጠገብ ቆሙ። ሥጋውን አዩ፣ የተሰበሰበውን ሰው አዩ።

«ሰውስ ጠርታለች» አሉ።

«ጸጽቷት ነው።»

«ትስቃለች እኮ።»

«እንግዳ ፊት ምን ታድርግ፣ አባ? ፈረንጅም ቢሆን የሰው ልጅ ነው።»

ሽማግሌው ይህን በልባቸው መዘኑት። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመለሱና ከመቀመጣቸው በፊት ቆባቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ። ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ። መምህርቷም አለች፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ፈረንጆቹ ምንም ሳያውቁ ሥጋቸውን ይበሉ ነበር። መጨረሻ ላይ ሚስትየዋ ያንኑ ጎረቤቷን አገባች፤ ያርጋል የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ነው አለን። መምህርቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ግን ተርጓሚ ያስፈልገዋል።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ ያርጋልን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘሁት። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጎረቤቱን ያስጋገረውን ድፎ ዳቦ እየቆረሰ ለነዳያን ያድላል። ነዳያኑ ደግሞ ምላሳቸው እየተሳሰረ «የሃሮልድን ነፍስ ይማር» ይላሉ።

«ያርጋል፣ ሃሮልድ ማነው?» አልኩት።

«የትናንቱ ሰውዬ።»

«ፊልም እኮ ነው።»

«እሱንማ መች አጣሁት? ግን ያን ሁሉ ሰው ነፍስ ይማር አስብዬ፣ አባ ገዱን ያህል ሰው ቆብ አስወልቄ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«ስሙንስ ከየት አመጣኸው?»

ያርጋል ዳቦውን መቁረሱን ተወት አደረገ። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አላውቅም ነበር» አለኝ። «ማታ ቤቷ ሄጄ መምህርት ስጦታን ጠየቅኳት።»

ለልጆቼ ገዝቼ በፌስታል የያዝኩትን ብርቱካን አወጣሁና፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ለሃሮልድ ነፍስ መላጥ ጀመርኩ።