ለኢንሱሊን የተላከ ሽማግሌ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሸዋ ሮቢት ተገልብጣ አገኘኋት። ባጃጆች በሰው ትከሻ ተሳፍረው ገበያ ይወርዳሉ፤ ተማሪዎች የዘገዩ መምህራንን በር ላይ አንበርክከዋል። እኔ ግን ለመገረም ፋታ አልነበረኝም። የእናቴ ኢንሱሊን አልቋል፣ ስኳሯ ወጥቶ ከንፈሯ ደርቋል። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይዤላት ካልገባሁ እንደማጣት ሕልም ውስጥም ሆኜ አውቀዋለሁ።

እየሮጥኩ ወደ ወይዘሮ ስንቅነሽ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ ስንቅነሽ የሰፈራችን ፋርማሲስት ናቸው፤ በእውኑም ዓለም ሳቅ አያበዙም። በሕልሜ ደግሞ ነጭ ጋዋናቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ሴት ልጅ እንዳላቸው እናት በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«እዚህ ቤት መድኃኒት አይሸጥም፤ ይዳራል» አሉኝ። «ሽማግሌ ልከህ ጠይቅ።»

ሽማግሌ ከየት ላምጣ ብዬ ዞር ስል የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ከሁለት ፍየሎች ጋር ቆመዋል። ፍየሎቹ ጋቢ ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ጋሽ ወንድይፍራው ጺማቸውን ስለሚላጩ፣ ባለ ጺሞቹ ፍየሎች ቀድመው ገቡ።

እንደ ወጉ ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ትልቁ ፍየል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ኢንሱሊንን ለዚህ ልጅ እናት እንዲሰጡን ልንጠይቅ ነው የመጣነው አለ። የመደርደሪያው መድኃኒቶች እንደ ዘመድ አዝማድ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡ ጀመር።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ጥያቄውን አዘነቡብን። ያዘዘላት ሐኪም ማን ነው? ሌላ ምን ትወስዳለች? መርፌውን የሚወጋት ማን ነው፣ እጁንስ ይታጠባል? የቆርቆሮ ቤት በቀትር እንደ ምድጃ እንደሚግል ያውቃሉና፣ ልጄ የት ነው የምትተኛው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወንድይፍራው ቸኩለው የክብር ቦታ ተዘጋጅቶላታል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው አሉ። መደርደሪያው በሙሉ አጉረመረመ። ትንሹ ፍየል በኀፍረት ጋቢውን ተከናነበ።

«እንመክርበታለን» አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ። «በሚመጣው እሑድ ተመለሱ።»

እናቴ እስከ እሑድ አትቆይልኝም ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቀና ስል ፍሪጅ ውስጥ ነኝ። በሩ ላይ ቴርሞሜትር ዘብ ቆሟል፤ ትንፋሽህ ይሞቃል፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ አለኝ። በመስተዋቱ አሻግሬ ሳይ አንድ የሳል ሽሮፕ ከመደርደሪያው ወረደ። የመጠቀሚያ ጊዜው ያን ዕለት ጠዋት አልፎ ኖሯል። ማንም ሳይጎተጉተው ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ተሰናበተ፤ ሰው ሳልጎዳ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ደስ ብሎኛል አለና በገዛ እግሩ ወደ ማቃጠያው ሄደ። ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሸኙት። ጊዜዬ አልፏል ብሎ በራሱ ፈቃድ ከወንበሩ የተነሣ አይቼ ስለማላውቅ እንባዬ መጣ።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ስንቅነሽ ፍሪጁን ከፈቱና ሙሽራይቱን እራሷን ጠየቋት። ኢንሱሊን ከጠርሙሷ ውስጥ አየችኝ።

«ፀሐይ አልችልም» አለችኝ።

«በረጠበ አሸዋ፣ በገንቦ ውስጥ፣ ጥላ ሥር አኖርሻለሁ።»

«በሰዓቱ ታስታውሰኛለህ?»

«እኔ ብረሳ እንኳ እናቴ አትረሳሽም።»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው አሁን ተቀመጡ አሉ፤ ፍየሎቹም ተቀመጡ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እናቴ ስንት እንደምትወጋ፣ መቼ እንደምትበላ፣ ላብ ላብ ካላትና ከተንቀጠቀጠች ቶሎ ጣፋጭ ነገር እንደምትቀምስ ነገሩኝና መልሰህ ንገረኝ አሉ። መለስኩላቸው። ጋሽ ወንድይፍራውንም አስደገሟቸው። ፍየሎቹንም አልማሯቸውም፤ ትንሹ ፍየል ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አለፈ።

በጥያቄ ሲያመላልሱኝ በልቤ ስረግማቸው የነበርኩት ሴትዮ ያን ጊዜ ገቡኝ። ላላዩአት ሴት፣ ለእናቴ፣ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ከራሴ በቀር ያለ አይመስለኝም ነበር። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቆይ፣ መጀመሪያ ልታጠብ አሉኝ።

መድኃኒቶቹ እልል እያሉ ሸኙን። ኢንሱሊንን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤ፣ አንድ ባጃጅ ትከሻዬ ላይ ተሳፍሮብኝ ቤት ደረስኩ። እናቴ እጇን ዘረጋች። ነቃሁ።

ነግቷል። እናቴ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ደህና አደርክ ትለኛለች፤ ፊቷ ወዝ አለው፣ ደህና ናት። ተመስገን አልኩ። በእጇ የያዘችው የኢንሱሊን ጠርሙስ ግን በግማሽ ጎድሏል። ገና ትናንት የተቀበልኩላት፣ ወሩን ሙሉ የሚያቆያት መድኃኒት ነው። ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማንጠግቦሽ በአጥር ብቅ ብላ ለመነችኝ» አለች፤ ጎረቤታችንን ማለቷ ነው። «በመርፌው ቀድቼ በስኒ አቀበልኳት። ጎረቤት እንዴት ይከለከላል?»

«እሷም ስኳር አለባት እንዴ?»

«ኧረ የለባትም» አለች እናቴ። «እንዳይጀምራት ነው።»