እርቅ የፈሩት ጠበቃ

በየከተማው ሰው የሚያስፈራ አንድ ጠበቃ አይጠፋም። ለነቀምቴ ነጋዴ የደረሱት ግን ራሳቸው ፍርሃት የሚገድላቸው ክቡር ጠበቃ ራጉኤል ናቸው። ሽርክና የፈረሰበት፣ ኦዲተር የመጣበት፣ መርማሪ "እስቲ ለአንድ አፍታ ብቅ በል" ያለው ሁሉ ጉልበቱ የሚከዳው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን የእሳቸው ቢሮ ደረጃ ላይ ነው። ገና ወንበር ሳይዝ "መጀመሪያ እንፍራ" ይሉታል። "ክርክሩ ይደርሳል።"

ችሎት ላይ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ ቢሮ ሲመለሱ በአማርኛ ይፈራሉ፤ ሁለቱንም አቀላጥፈው ነው። ደንበኛቸው የሆነችው የሂሳብ ሠራተኛ ናዝራዊት አንድ ቀን የግብር ኦዲተሮች መጥተውባት ሻይ አቀረበች። ክቡርነታቸው ወሬው ደርሷቸው ደወሉ። "ስኳር ጨመርሽበት?" "እንዴ፣ አዎ።" "ስንት?" "እነሱ ናቸው የጨመሩት።" "ተመስገን!" አሉ። "አንቺ ብትጨምሪው ጉቦ ነበር።" የሰርግ ጥሪ እንኳ እንደ ውል ነው የሚያነቡት። "‘መገኘትዎ ደስታችን ነው’ ይላል። ካልተገኘሁ ለሐዘናቸው እጠየቃለሁ ማለት ነው?"

የባኬ ጃማ ሰፈሩ ቡና ነጋዴ ደረሳ ይህን እየሰማ ከሰው ጋር ሲስቅ ኖሯል። ሳቁ የቆመው በራሱ ሲደርስ ነው። ከሸሪኩ ከጂሩ ጋር የቡና መፈልፈያ ማሽን ነበራቸው። ጂሩ ወደ ሲሬ ከተማ ሲዛወር "እንደፈለግህ አድርገው" ብሎ በቃሉ ተናገረ፤ ደረሳም አምኖ ሸጠው። ከዚያ በሽያጩ ተኳረፉ፣ ጂሩም ከሰሰ። ክሱ "እምነት ማጉደል" ይባላል። አሁን ነገ ጠዋት ለመርማሪ ቃሉን ይሰጥና ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ ወይ በዋስ ወደ ቤቱ፣ ወይ ወደ ማረፊያ ቤት። ከትናንት ጀምሮ ፍርሃት ይዞታል።

ጠበቃ ራጉኤል ለነገው እንዲዘጋጅ ቢሯቸው ውስጥ መርማሪ መስለው ሲያፋጥጡት ዋሉ። ደረሳ ላቡን ጠርጎ፣ እሳቸውን ለማጽናናት ብሎ ተናገረ።

"ለነገሩ አይጨነቁ ኦቦ ራጉኤል። ደራርቱ ሽማግሌ ልካለች፤ ዛሬ ሲሬ ይገባሉ።"

ደራርቱ ሚስቱ ናት። የጠበቃው ፊት ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ።

"ማን ጋ?"

"ጂሩ ጋ ነዋ።"

"ጂሩ ማነው?"

"ሸሪኬ።"

"አይደለም! ጂሩ ምስክር ነው!" ወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቀ። "ነገ መርማሪው ምን እንደሚል ልንገርህ? ‘ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክር ያባብልብናልና ዋስትና ይከልከልልን።’ ሁሌም የሚላት ናት። ማስረጃ ግን አልነበረውም። አንተ ማስረጃውን ጋቢ አልብሰህ ላክህለት!"

"በእኛ አገር እኮ ተጣልቶ ሽማግሌ ያልላከ ነው ጥፋተኛ።"

"በአገርህ ልክ ነህ። በፋይልህ ግን ታስረሃል።"

ስልክ እንዳይደውሉ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ሮቤራ ለእርቅ ሲወጡ ስልክ አይዙም። ስለዚህ በደረሳ አይሱዙ ተነሱ። መንገዱን ሙሉ ክቡርነታቸው በአንድ እጃቸው የበሩን እጀታ፣ በሌላው የራሳቸውን ጉልበት ይዘው "ቀስ! አሁን ደግሞ ፍጠን! ቀስ!" እያሉ ሲሬ መናኸሪያ ገቡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች የእርቅ እርጥብ ሣር ይዘው ከሚኒባስ እየወረዱ ነበር።

"አንተ ጎንበስ በል። ሲሬን አላየህም፣ ሲሬም አላየችህም" ብለውት ጠበቃው ወረዱ። ደረሳ መሪው ሥር አጎንብሶ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጠ።

"አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋሉ ኦቦ ሮቤራ። እባክዎ ይመለሱ። ጂሩ ቤት ከገባችሁ ደረሳ ነገ ይታሰራል።"

"እርቅ ያሳስራል?"

"ያሳስራል።"

"ምን ዓይነት ሕግ ነው ይሄ?"

"እኔስ የምፈራው እሱን አይደል!"

ኦቦ ሮቤራ ሣሩን ከፍ አደረጉ። "ስማኝ ልጄ፣ ሣር ይዤ ወጥቼ የታረቀ ሰው ሳላይ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ጂሩ ካልሆነ ሌላ ጠብ አምጣ። ከሌለህ መንገዱን ልቀቅ።"

የደረሳ ጀርባ በላብ ራሰ። ሽማግሌዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ጂሩ ሰፈር ሲያነሱ ሰማ።

"አለኝ" አሉ ጠበቃው፤ ድምፃቸው ጠፍቶ። "የራሴ ጠብ አለኝ።"

ታናሽ ወንድማቸው ዓምደሚካኤል እዚያው ሲሬ ወፍጮ ቤት አለው። ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አልተነጋገሩም። ዳኛ ፊት የሚቆሙት ሰው ያን ደጅ መርገጥ ፈርተው በሲሬ ሲያልፉ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

ደረሳ መኪናውን በቀስታ አስከተለ። ከዳሽቦርዱ በላይ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ አየ። ክቡርነታቸው ከሦስቱ ጋቢዎች ኋላ ተሸሽገው ቆመዋል። ዱቄት የለበሰ ግዙፍ ሰው ከወፍጮው ወጣ። ሣሩን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከኋላ የሚንቀጠቀጠውን ከረባት አየ።

"ምን አጠፋሁ ብሎ መጣ?"

"ምንም አላመንኩም!" ብለው ጮኹ ጠበቃው፤ ልማድ ነው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ጥፋቱን አላመንኩም። ይቅርታ ግን እጠይቃለሁ፣ ወንድሜ።"

ዓምደሚካኤል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ወንድሙን ሲያቅፈው ጥቁሩ ኮት ነጭ ሆነ። ኦቦ ሮቤራ መረቁና ሣሩን ደጁ ላይ አኖሩት። ወደ ጂሩ ሰፈር ዞር ብሎ ያየ እንኳ የለም።

በማግስቱ መርማሪው እንደተፈራው "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክር ያባብልብናል" አለ። ዳኛዋ ቀና አሉ። "እስካሁን ያባበለው ምስክር አለ?" መርማሪው ወረቀቱን አገላበጠ። "ለጊዜው የለም።" ዋስትናው ተፈቀደ። ክሱ ገና ያላለቀ ቢሆንም ደረሳ ቤቱ ያድራል።

ከችሎት ሲወጣ ጠበቃ ራጉኤልን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው አገኛቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ደረሳ የራሱን ፍርሃት ውስጡ ፈልጎ አጣው። ውክልናውን ሲፈርምላቸው ፍርሃቱንም አብረው ወስደው ሲሸከሙለት የከረሙ መሰለው።

ክንዳቸውን ያዘ።

"ልቀቀኝ፣ ሰው እያየ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ምን ይባላል?"

አልለቀቃቸውም።