«እትዉ በሰላም» ሳይባል የወጣሁበት ቤዝቦል

መሸነፋችንን የሰማሁት ሰፈራችን ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ ከባቡር ስወርድ ነው። ልጄ ኮል አድርጋ፣ «እማዬ፣ በአስራ ሁለተኛው ዙር ተሸነፍን» አለችኝ።

መቼም ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሳይል የመኪና ቁልፉን እያንቃጨለ ከቅዳሴ የሚወጣ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው በዓይኔ ስገርፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ታዲያ ያን ቀን ከልጄ ጋር ስታዲየም ገብቼ ምን ነካኝ? ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር ነው ብለውኛል። ዘጠኙ በእኩል ነጥብ ሲያልቅ፣ እንደ እግር ኳሱ አቻ ወጡ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። ሕዝቡ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር፣ «ምስኪኖች፣ ማለቁ አልገባቸውም» አልኩ።

«እማዬ፣ ጌሙ አላለቀም! አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። ፕሊስ፣ አብረን እንጨርሰው።»

«አቻ ነው እኮ ልጄ፤ ባቡሩ ሳይጨናነቅ ተመስገን ብለን እንሂድ።»

እሷ ቀረች፤ እኔ ሄድኩ። ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ከእኔ ጋር ልታሳልፈው የመረጠችው ቀን ነበር።

አሁን ስጠይቃት «ኢትስ ፋይን» ትለኛለች። ፋይን አለመሆኑን እናት አታጣውም። እባካችሁ፣ ያን ቀን እስከ መጨረሻው የቆያችሁ፣ ከአንድ ባዶ ወንበር አጠገብ የተቀመጠች ልጅ አይታችሁ ከሆነ፣ አልቅሳ እንደሆነ ንገሩኝ።